በአዳዲሶቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች ላይ የምንለያየው በምንድን ነው?

ንባበ ቃል (ውይይቱን የጀመረው)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ስለ አዳዲሶቹ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች በተነጋገርን ቁጥር ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን እያደባለቅን የምንከራከር ይመስለኛል። አንደኛው ተርጓሚዎቹ የትኛውን የዕብራይስጥና የግሪክ ጽሑፍ መነሻ አደረጉ የሚለው ነው። ሁለተኛው ያንን ጽሑፍ ቃል በቃል አስተላለፉት ወይስ ሐሳቡን ይዘው በእኛ አነጋገር ገለጹት የሚለው ነው። ሦስተኛው ክርክር እንኳ አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን የኖረ ንባብ ሲለወጥ የሚሰማን ቅሬታ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አስመስለን እናቀርበዋለን።

እኔ ያደግሁት በ1954 ዓ.ም. በታተመው ትርጉም ነው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» የሚለውን መዝሙር እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም «አንዳች አይጐድልብኝም» ብሎ ያነበዋል። ዕብራይስጡ «አላጣም» የሚል ስለ ሆነ ሁለቱም ከመነሻው አልራቁም። እንዲያውም «የሚያሳጣኝም የለም» የሚለው አቀራረብ የግእዙን ዳዊት፣ «እግዚአብሔር ይሬእየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» የሚለውን፣ መልክ የተከተለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስመርጥ የምመርጠው ትክክለኛነትን ነው ወይስ የለመድሁትን? በጉባኤ ለሚነበበውና በግል ለሚጠናው የትኛውን እንደምትመርጡ፣ ምክንያታችሁንም ጭምር፣ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙር

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን። ጥያቄውን መክፈልዎ መልካም ነው፤ እኔ ግን ከሦስቱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ። እርሱም መጽሐፉ የሚነበበው በማን ቤት ነው የሚለው ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግእዝ የተመለሱት በአክሱም ዘመን ሲሆን ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው በዋናነት ከሰባ ሊቃናት ትርጉም፣ ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ከተመለሰው ንባብ ነው። ወንጌላውያንና ሐዋርያትም ብሉይን ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ የሚከተሉት ይህንኑ ንባብ ነው። ማቴዎስ ኢሳይያስ 7፥14ን ጠቅሶ «ድንግል ትፀንሳለች» ሲል የሰባ ሊቃናቱን ቃል ይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የእንግሊዝኛው ሪቫይዝድ ስታንዳርድ ቨርዥን ይህንን ቦታ «ወጣት ሴት» ብሎ በተረጎመ ጊዜ ብዙ ምእመናን የተቆጡት የዕብራይስጡን ቃል ስፋት ባለማወቃቸው ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ያነበበችበት መንገድ እንደ ሌለ ተቆጥሮ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የተረጋገጠው የአይሁድ ሊቃውንት ጽሑፍ ብቻ ዳኛ ሆኖ መቀመጡን በመመልከታቸው ጭምር ነው።

ለእኛ ደግሞ ይህ ጥያቄ የመጻሕፍቱን ቁጥርም ይነካል። ሰማንያ አንዱን ለሚቀበል አንባቢ በ66 መጻሕፍት የሚያበቃ እትም፣ አማርኛው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጎዶሎ ነው። ይሁዳ በመልእክቱ ሄኖክን ሲጠቅስ አንባቢው ጠቅሶ የመጣበትን መጽሐፍ በእጁ ባለው እትም ውስጥ አያገኘውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የሐዋርያት ሥራ 8፥37 ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ «ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆነ አምናለሁ» ብሎ የመሰከረበት ቁጥር በአብዛኞቹ አዳዲስ ትርጉሞች ከዋናው ንባብ ወጥቶ ወደ ግርጌ ወርዷል። ቁጥሩ ከ36 ወደ 38 ሲዘል አንባቢው ምን ይበል?

ጽሑፈ ብራና

የደቀ መዝሙሩን ሐዘን በቀላሉ የማየው አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩን ተርጓሚዎች በገዛ ፈቃዳቸው «አወጡት» የሚለው ግንዛቤ መስተካከል አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1516 የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ የመጀመሪያውን የግሪክ አዲስ ኪዳን እትም ሲያወጣ በእጁ የነበሩት ጥቂት፣ ያውም በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ ቅጂዎች ነበሩ። የ1611ዱ የእንግሊዝኛው ኪንግ ጀምስ አዲስ ኪዳን የተሠራው ከዚያ በመነጩ እትሞች ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የሲናው ቅጂ በደብረ ሲና በቅድስት ካትሪን ገዳም ተገኘ፤ የቫቲካኑ ቅጂም በሚገባ ተጠና። ሁለቱም በአራተኛው መቶ ዘመን የተጻፉ ናቸው። ዛሬ የሚታወቁት የግሪክ አዲስ ኪዳን ቅጂዎች፣ ቁርጥራጮቹ ተቆጥረው፣ ከ5000 በላይ ናቸው። እነዚህን ሁሉ እያነጻጸረ የሚሠራ ተርጓሚ በጥንታውያኑ ቅጂዎች ውስጥ ያላገኘውን ቁጥር ወደ ግርጌ ቢያወርደው ለጽሑፉ ያለውን አክብሮት ያሳያል እንጂ ድፍረትን አያሳይም። ስለ ሐዋርያት ሥራ 8፥37 በፍትሐዊነት ለመናገር ግን የጃንደረባውን ምስክርነት የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ በሁለተኛው መቶ ዘመን ጠቅሶታል። ስለዚህ ቃሉ ጥንታዊ ነው። ጥያቄው ሉቃስ ራሱ የጻፈው ነው ወይስ በጥምቀት ጊዜ ይነገር የነበረ ምስክርነት ወደ ጽሑፉ ገባ የሚለው ነው። የግርጌ ማስታወሻው ይህንን ለአንባቢ ያሳውቃል፤ ቁጥሩን ያለ ማስታወሻ መተው ግን እኔም አልደግፈውም።

አሁን የ1954ቱን ትርጉም ከአዳዲሶቹ ጋር ለሚያፋጥጡ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ነገር ላሳይ። በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ «በሰማይ የሚመሰክሩት» አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ ናቸው የሚለው የኪንግ ጀምስ ንባብ በግሪክኛ የሚገኘው ዘግይተው በተጻፉ ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ነው። ኤራስመስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞቹ አላስገባውም ነበር፤ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1522 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። የ1954ቱ አማርኛ ግን በዚያ ቦታ «የሚመሰክሩት መንፈሱና ውኃው ደሙም ሦስት ናቸውና፥ ሦስቱም በአንድ ይስማማሉ» ብቻ ነው የሚለው። ማለትም «የቀድሞው» ብለን የምንሟገትለት ትርጉም በዚህ ቦታ አዳዲሶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ቀድሞ ሄዶበታል፤ በዚህም ምክንያት በምሥጢረ ሥላሴ ላይ ያለው እምነታችን አልተናወጠም።

ዕብራይስጡንም በተመለከተ አዳዲስ ግኝቶች ሁልጊዜ ከሰባ ሊቃናት ንባብ ያርቁናል ማለት ስሕተት ነው። በዘዳግም 32፥8 የተለመደው የዕብራይስጥ ጽሑፍ የአሕዛብ ድንበር የቆመው «በእስራኤል ልጆች» ቁጥር ነው ሲል፣ የሰባ ሊቃናቱ «በእግዚአብሔር መላእክት» ቁጥር ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ከተገኙት ጥቅልሎች መካከል አንዱ «በእግዚአብሔር ልጆች» የሚል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የሰባ ሊቃናቱ ተርጓሚዎች ከራሳቸው እንዳልፈጠሩት የሚያሳይ ነው። ከአዳዲሶቹ ትርጉሞች አንዳንዶቹ ዛሬ ይህንን ንባብ በዋናው ገጽ አስገብተውታል። በዚያው በሙት ባሕር ዋሻዎች ሙሉ ንባቡ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው የሄኖክ መጽሐፍ በአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኝቷል። ደቀ መዝሙሩ የሚጠራጠሩት ምርምር ደቀ መዝሙሩ የሚወዱትን ቅርስ ሲያጸናም ይታያል።

የሕፃናት መምህርት

ስለ ቅጂዎቹ የተጻፈውን በትኩረት አነበብሁ፤ አመሰግናለሁ። የእኔ ጉዳይ ግን ይበልጥ ቅርብ ነው። የማስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩና አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። መዝሙር 1 ላይ «በዋዘኞችም ወንበር ያልተቀመጠ» የሚለውን ሲያነቡ «ዋዘኛ» ማለት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይገኝም፤ አዲሱ «ፌዘኞች» ሲል ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ትርጉም የሚያስፈልገው ላልገባው ሰው ነውና ላልገባው ሰው የማይደርስ ትርጉም ሥራውን አልጨረሰም ብዬ አምናለሁ። በ1980 ዓ.ም. በቀላል አማርኛ የወጣውም ትርጉም ለዚህ ዓላማ ብዙ ረድቶኛል።

ከባዱ ግን ቃላቱ አይደሉም፤ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። ኤፌሶን 1፥3-14 በግሪኩ አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ሰምቻለሁ፤ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እንዲህ ያለውን ርዝመት የሚሰማ ልጅ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይጠፋል። አዲሱ መደበኛ ትርጉም እየከፋፈለ በማቅረቡ ልጆቹ የሐዋርያውን ሐሳብ መከተል ችለዋል።

አንደበተ ርቱዕ

እኅታችን የነኩት ነገር የውይይቱ እምብርት ስለ ሆነ ትንሽ ልዘግይበት። «ቃል በቃል» የሚባል ንጹሕ ትርጉም በአማርኛ ሊኖር አይችልም፤ የቋንቋው ጠባይ ራሱ አይፈቅድም። ዮሐንስ 3፥16 በግሪኩ የሚጀምረው «እንዲሁ ወዶአልና» በሚለው ነው። የ1954ቱ ትርጉም «በእርሱ የሚያምን ሁሉ የዘላለም ሕይወት እንዲኖረው እንጂ እንዳይጠፋ» ብሎ ከመጨረሻው ይነሣና «ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» ብሎ ይዘጋል። ቅደም ተከተሉን ሙሉ በሙሉ ገልብጦታል፤ ነገር ግን ማንም አማርኛ ተናጋሪ ይህንን ታማኝነት የጎደለው ነው ብሎ አያውቅም። እንዲያውም ፍቅሩ በመጨረሻ መምጣቱ ለጆሯችን ክብደት ይሰጠዋል።

ዘይቤያዊ አነጋገርም እንዲሁ ነው። ዕብራይስጡ ትዕግሥተኛውን «አፍንጫው ረጅም» ይለዋል፤ ቃል በቃል ነኝ የሚል ትርጉም ሁሉ እንኳ ይህንን «ታጋሽ» ወይም «ለቁጣ የዘገየ» ብሎ ያልፈዋል። በዮሐንስ 2፥4 ደግሞ ቃል በቃል መሄድ እንዴት እንደሚጎዳ ይታያል። «አንቺ ሴት፥ ከአንቺ ጋር ምን አለኝ?» የሚለው በአማርኛ ጆሮ ልጅ እናቱን የዘለፈ ያስመስላል። ግሪኩ ግን ዘለፋ የለበትም፤ ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሲሰጥም የተናገረው በዚሁ ቃል ነው። ሰባኪው በዚህ ቦታ ሁሉ ጊዜ ማብራሪያ መስጠት የሚገደድ ከሆነ ትርጉሙ ለሰባኪው የተወው ሥራ አለ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የአዳዲሶቹ ደጋፊ መስዬ ይሆናል። ትልቁ ቅሬታዬ ግን በእነርሱ ላይ ነው። ሐሳብን በራሳችን አነጋገር እናስተላልፋለን ብለው ከተነሡ አነጋገሩ የእኛው መሆን ነበረበት። ብዙ ቦታ ግን የእንግሊዝኛው ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን የመረጠው አገላለጽ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ የቀረበ እስኪመስል ድረስ ለስልሶ ጣዕም ያጣል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ወንጌላውያን ጌታ ሕዝቡን አይቶ አዘነ ሲሉ የሚጠቀሙበት የግሪክ ግስ የመጣው አንጀትን ከሚያመለክት ቃል ነው። እንግሊዝኛ ይህንን በቀጥታ ቢወስደው እንግዳ ስለሚሆንበት «ራራ» ወይም «አዘነ» ከማለት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። አማርኛ ግን ርኅራኄን ዛሬም በአንጀት ይናገራል፤ አንጀቱ ተላወሰ፣ አንጀቱን በላው፣ አንጀቱ አልችል አለ እንላለን። እዚህ ላይ ቃሉም ሐሳቡም በአንድ ላይ ሊተላለፉ የሚችሉበት ዕድል ነበረ፤ የ1954ቱም «አዘነላቸው» ብሎ አልፎታል፣ አዳዲሶቹም ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። ከዕብራይስጥና ከግሪክ በቀጥታ ወደ አማርኛ የሚገባ፣ እንግሊዝኛን ለድልድይነት የማይፈልግ ተርጓሚ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን በር ባላለፈው ነበር።

በሌላ በኩል የእንግሊዝኛ አንባቢዎችን እርስ በርስ ያጣላው ጉዳይ ሁሉ የእኛም ጉዳይ ነው ብለን እንዳንወስድ እጠነቀቃለሁ። እነርሱ ስለ ጾታ አገላለጽ የሚከራከሩበት ዋናው ምክንያት ወንድን የሚያመለክተው ቃላቸው ሰውን ሁሉ ለመጥራትም ማገልገሉ ነው። እኛ «ሰው» የሚለውን ቃል ከጥንት ጀምሮ ስላለን የክርክሩ ግማሽ ለእኛ አይነሣም። የሚነሣው «ወንድሞች ሆይ» የሚለው ሐዋርያዊ አጠራር ላይ ነው፤ በዚያም እኅቶችን በግርጌ ማስታወሻ ማካተት በቂ ይመስለኛል።

ዘእግረ መንገድ

እዚህ የምንከራከርበት ነገር አዲስ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ403 አካባቢ ቅዱስ አውግስጢኖስ ለቅዱስ ሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሰሜን አፍሪካ በምትገኝ በአንዲት ከተማ ኤጲስ ቆጶሱ ሄሮኒሞስ ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን የመለሰውን አዲስ ትርጉም በጉባኤ ባስነበበ ጊዜ ሕዝቡ እንደ ታወከ ይነግረዋል። ምክንያቱ ዮናስን ያጠለለችው ተክል ናት። ሕዝቡ ከሰባ ሊቃናቱ ንባብ «ቅል» ብሎ ለምዶ ነበር፤ አዲሱ በሌላ ተክል ስም ለወጠው። ኤጲስ ቆጶሱ ያለ ምእመናን እንዳይቀር ፈርቶ ንባቡን ለማስተካከል ተገደደ። የሚገርመው፣ ያኔ ሕዝብ የሸሸው የሄሮኒሞስ ትርጉም ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1546 በትሬንት ጉባኤ የምዕራቧ ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ንባብ ተብሎ ታወጀ። በእኛ አማርኛ ዮናስ ዛሬም ከቅሏ በታች ተቀምጧል።

በተጨማሪም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ አንድ ጊዜ እንግዳ ነበር። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ሆኖ የደከመበት ትርጉም፣ ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው ደግሞ በ1840 ሲታተም፣ ቅዱስ ቃል በግእዝ እንጂ በአማርኛ እንዴት ይነበባል ያሉ አልጠፉም።

የጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙር

መምህር ጽሑፈ ብራና ስለ ሄኖክና ስለ ዘዳግም የጻፉት ጠቃሚ ነው፤ ተቃውሞ የለኝም። ተቃውሞዬ ግርጌው ላይ ነው። አንዳንዶች የግርጌ ማስታወሻን ከአንድምታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ባህላዊ የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ጋር ሲያመሳስሉት እሰማለሁ፤ ይህ ንጽጽር አይሠራም። አንድምታ ቤት መምህሩ ንባቡን ያጸናል፣ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ ሐተታውን ያሰፋል። ምሥጢሩ ይበዛል እንጂ ንባቡ አይጠራጠርም፤ ተማሪውም ብቻውን ከገጹ ጋር አይቀርም። ግርጌው ግን «አንዳንድ ጥንታዊ ቅጆች ይህ የላቸውም» ብሎ ዝም ይላል። የትኞቹ ቅጂዎች፣ ስንት፣ የት፣ ለምን፣ ቤተ ክርስቲያንስ ምን ብላ ተቀበለችው፣ አይናገርም። ጥርጣሬን ተክሎ መልሱን ያልሰጠ ማስታወሻ አንባቢን አስተማረው አልልም።

አንደበተ ርቱዕ ስለ አንጀት የጻፉትን ግን እጅግ ወድጄዋለሁ። ሊቃውንቱ ግእዝንና አማርኛን ጠጥተው ያደጉ ስለ ነበሩ በሐተታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ሕያው አማርኛ ሞልቷል። ወደፊት የሚተረጉሙ ሰዎች የሥነ ቋንቋ ዲግሪ ይዘው አንድምታን ሳያነቡ ቢቀመጡ ትልቅ ሀብት በራቸው ላይ ትተው መሄዳቸው ነው።

ጽሑፈ ብራና

ስለ ማስታወሻዎቹ እጥረት የተናገሩት ትክክል ነው። «አንዳንድ ጥንታዊ ቅጆች» የሚለው ሐረግ ሁለት ቅጂንም ሁለት ሺህ ቅጂንም በአንድነት ይሸፍናል፤ ይህ ለአንባቢ በቂ አይደለም። መፍትሔው ግን ማስታወሻውን ማጥፋት ሳይሆን ማሟላት ነው። ጥርጣሬው ከገጹ ቢወጣም ከዓለም አይወጣም፤ አንድ ወጣት በስልኩ ላይ በሰከንድ ውስጥ ያገኘዋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለምን ተደበቀብኝ ይላል።

የሕፃናት መምህርት

እንግዲያው በተግባር ልጠይቅ። ማርቆስ 16፥9-20ን ለልጆች ሳስተምር በአዲሱ እትም ላይ ከቁጥር 8 በኋላ ማስታወሻ ገብቷል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ልጆች «ይህ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው ወይስ አይደለም?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ጽሑፈ ብራና

ያለውን ይንገሯቸው፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ይሸከማሉ። የሲናውና የቫቲካኑ ቅጂዎች ወንጌሉን በቁጥር 8 ላይ ያበቃሉ። እጅግ የሚበዙት ሌሎች የግሪክ ቅጂዎች ክፍሉን ይዘዋል፤ ከእነዚያ ከሁለቱ ቅጂዎች አስቀድሞ የነበረው ሄሬኔዎስም ከዚሁ ክፍል ስለ ዕርገቱ የሚናገረውን ቁጥር የማርቆስ ቃል ብሎ ጠቅሷል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ክፍሉን ማርቆስ ራሱ አልጻፈውም ቢሉም ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ መጽሐፏ ውስጥ ተቀብላ ታነበዋለች። የትንሣኤና የዕርገት ትምህርት ደግሞ በዚህ ክፍል ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም፤ ማቴዎስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስና ጳውሎስ ሁሉ ስለ ትንሣኤው ይመሰክራሉ፣ ዕርገቱንም ሉቃስ በወንጌሉ መጨረሻና በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ ጽፎታል።

የጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙር

በዚህ መልስ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማስታወሻውን ከማሳየትዎ በፊት ክፍሉን ከፍ ባለ ድምፅ እስከ መጨረሻው ያንብቡላቸው። ልጅ አስቀድሞ የሰማውን ነገር ስለ ታሪኩ ቢነገረው አይደነግጥም።

የሕፃናት መምህርት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ እንደዚያው አደርጋለሁ። ለንባበ ቃል ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። በቃል የሚያዘውን፣ በተለይ መዝሙራትን፣ ከ1954ቱ አስይዛቸዋለሁ፤ ምክንያቱም አያቶቻቸው በዚያ ቃል ስለሚጸልዩ አብረው ድምፃቸውን ማንሣት አለባቸው። «ዋዘኛ» የሚለውን አንድ ጊዜ አብራርቼላቸው ከዚያ በኋላ የራሳቸው ቃል ይሆናል። የሐዋርያውን መልእክታት ግን ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም ነው የማስጠናቸው፤ እዚያ የሚያስፈልጋቸው ክርክሩን ከመነሻው እስከ ድምዳሜው መከተል ነውና። አሻሚ ቦታ ሲገጥመን ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተን እናነባለን።

ንባበ ቃል

የመምህርቷን አከፋፈል እኔም ለጥናት ቡድናችን አቀርበዋለሁ። በጉባኤ ለሚነበበው ግን አሁንም ከደቀ መዝሙሩ ጋር አልተስማማሁም፤ አማርኛን ዘግይቶ የተማረ ሰው ከጉባኤው መካከል እያለ ዋናው ንባብ ለእርሱ የማይገባ ሆኖ መቀጠል የለበትም። በሚቀጥለው ጊዜ ዮሐንስ ምዕራፍ 2ን ከሦስቱም ትርጉሞች ወስደን ቁጥር በቁጥር ብንመለከተው ይህ ልዩነታችን የት ላይ እንደ ሆነ ይበልጥ ይገለጥ ይመስለኛል፤ አንደበተ ርቱዕ በቁጥር 4 ላይ እርስዎ ቢጀምሩልን።